«እሺ» ብሎ የቀረ ኮምፒውተር፦ ትራንዛክሽን ከፋየርዎል ጋር የተጋጨበት ታሪክ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በስልካችሁ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ ብር ልካችሁ፣ ከእናንተ ሒሳብ ወዲያው ተቆርጦ ተቀባዩ ጋር ግን ያልደረሰበት ቀን አለ? ብሩ የት ነው ያለው? ከዚህ ወጥቷል፤ እዚያ አልገባም። ስትደውሉ «ትንሽ ይጠብቁ፣ ይመለሳል» ይሏችኋል። ብዙውን ጊዜም ይመለሳል።

የሚገርመው፣ ይህ ችግር በወረቀት ላይ ከተፈታ ቆይቷል። ሁለት ኮምፒውተሮች አንድን ሥራ «ወይ ሁለታችንም እንሠራዋለን፣ ወይ ማናችንም አንሠራውም» ብለው የሚስማሙበት ዘዴ በ1978 በግልጽ ተጽፎ ነበር። ታዲያ ዛሬም ለምን እንጠብቃለን? አንዱ ትልቅ ምክንያት በኩባንያዎች መካከል የቆመ ግድግዳ ነው። ዘዴውና ግድግዳው እንዴት እንደተጋጩ ነው የምንተርክላችሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሽማግሌው ሲጠይቅ

ጂም ግሬይ የተባለ አሜሪካዊ በ1970ዎቹ ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ባለው የአይቢኤም የምርምር ማዕከል ይሠራ ነበር። «ሲስተም አር» የተባለውን ዳታቤዝ ከገነቡት ሰዎች አንዱ ነው። ዛሬ ባንኮችና ሱቆች ከሚጠቀሙባቸው ዳታቤዞች ብዙዎቹ የዚያ ሥራ ልጆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግሬይን የሚያስጨንቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ኮምፒውተሩ ሒሳብ እያዘዋወረ እያለ መብራት ቢጠፋስ?

መልሱ ትራንዛክሽን ነው። ከአበበ 500 ብር መቀነስና ለአልማዝ 500 ብር መጨመር ሁለት እርምጃዎች ናቸው። በትራንዛክሽን ዓይን ግን አንድ ነገር ናቸው፤ ግማሹ ሊሆን አይችልም። ኮምፒውተሩ ሊሠራ ያሰበውን አስቀድሞ ዲስክ ላይ ባለ መዝገብ ይጽፋል። ወድቆ ሲነሳ መዝገቡን አንብቦ ያለቀውን ያጸናል፣ ያላለቀውን ያፈርሳል። በዚህ መሃል ደግሞ ሌላ ሰው መጥቶ እንዳይነካው የአበበንና የአልማዝን ሒሳብ ይቆልፋል። ይህ «ይቆልፋል» የሚለው ቃል ኋላ ላይ ጣጣ ስለሚያመጣ ያዙት።

አበበና አልማዝ አንድ ኮምፒውተር ላይ ከሆኑ ነገሩ እዚህ ያበቃል። አበበ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አልማዝ ሌላው ላይ ሲሆኑስ? እዚህ ላይ ነው «በሁለት ዙር ማጽደቅ» የሚባለው ዘዴ የሚመጣው። ግሬይ ከሠርግ ሥነ ሥርዓት ጋር ያመሳስለው ነበር፤ እኛ በሽማግሌ ብናየው ይቀርበናል። አንድ ሽማግሌ በሁለት ወገኖች መካከል ይቆማል፤ አስተባባሪው ኮምፒውተር እሱ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሁለቱንም በየተራ ይጠይቃል፦ «ትስማማለህ? ልትፈጽም ተዘጋጅተሃል?» ሁለቱም «እሺ» ካሉ፣ በሁለተኛው ዙር «እንግዲያው ጸድቋል» ይላል። አንዱ እንኳ «አይ» ካለ ሁሉም ነገር ይሰረዛል።

ሕጉ አንድ ነው፦ «እሺ» ያለ ወገን ከዚያ በኋላ በራሱ ፈቃድ ማፈግፈግ አይችልም። ቃሉን በመዝገቡ ጽፏል፣ ሒሳቡን ቆልፏል፣ የሽማግሌውን የመጨረሻ ቃል ይጠብቃል።

አሁን ሽማግሌው የመጨረሻውን ቃል ሊናገር አፉን ሲከፍት ስልኩ ተቋረጠ እንበል። «እሺ» ያለው ምን ያድርግ? ጸድቋል ብሎ ቢቀጥል ሌላው ወገን «አይ» ብሎ ሊሆን ይችላል። ተሰርዟል ብሎ ቢተወው ሌላው ጋ ጸድቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይጠብቃል። ባለሙያዎቹ ይህን ሁኔታ «በጥርጣሬ ላይ ያለ ትራንዛክሽን» ይሉታል።

«የተሻለ ዘዴ ቢፈለግስ?» ትሉ ይሆናል። ግሬይ በዚያው በ1978 ጽሑፉ ለዚህ ጥያቄ የሁለት ጄኔራሎች ተረት አለው። (ሐሳቡ ከሦስት ዓመት በፊት በሌሎች ተመራማሪዎች ወረቀት ላይ በሁለት የወንበዴ ቡድኖች ተመስሎ ወጥቶ ነበር።) ሁለት ጄኔራሎች በአንድ ሰዓት ካላጠቁ ይሸነፋሉ፤ የሚላላኩት ግን መንገድ ላይ ሊያዝ በሚችል መልእክተኛ ነው። «ነገ ጠዋት» ብሎ የላከው፣ መልእክቱ መድረሱን በምን ያውቃል? «ደርሶኛል» የሚል መልስ ሲመጣለት ነው። የመለሰውስ መልሱ መድረሱን በምን ያውቃል? ሌላ መልስ ያስፈልጋል። ለዚያም ሌላ። ማለቂያ የለውም። መስመሩ ሊቆረጥ እስከቻለ ድረስ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ የሚያደርግ የመልእክት ቅደም ተከተል የለም። ይህ የፕሮግራመር ስንፍና ሳይሆን በሒሳብ የተረጋገጠ ነገር ነው።

ለዚያ ዘመን ይህ ብዙም አላስጨነቀም። ሁለቱ ኮምፒውተሮች አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ድርጅት ነበሩ። የጥርጣሬው ጊዜ ከረዘመ ባለሙያው ለባልደረባው ደውሎ «አንተ ጋ ምን ይላል?» ብሎ በእጁ ይፈታዋል። አለቃቸው አንድ ነው። ግድግዳም የለም።

ግድግዳው ሲቆም

ኅዳር 2 ቀን 1988 ምሽት ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ኢንተርኔት ያኔ 60 ሺህ ገደማ ኮምፒውተሮች ያሉበት የምሁራን ሰፈር ነበር፤ ሰው በሩን ሳይዘጋ የሚተኛበት። ፕሮግራሙ ወደ 6 ሺህ የሚሆኑትን እንዳጠቃ ይገመታል። ሞሪስ ተከሶ በ1990 ጥፋተኛ ተባለ፤ የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና ወደ 10 ሺህ ዶላር መቀጮ ተበየነበት። ኋላ ኤምአይቲ ፕሮፌሰር ሆኗል፤ ይህን የምነግራችሁ ለጠቅላላ ዕውቀት እንጂ እንድትሞክሩት አይደለም።

ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ከዚህ ጥቃት ተርፏል። የውስጥ ኔትወርኩ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኘው በአንድ ጥብቅ መግቢያ ብቻ ነበርና (ዕድልም ሳይረዳቸው አልቀረም)። በኩባንያው የቤል ላብስ ተመራማሪ የነበረው ቢል ቼስዊክ ይህን መግቢያ አጠናክሮ እንደ አዲስ ከገነባ በኋላ በ1990 አንድ ጽሑፍ አወጣ። በዚያ ውስጥ የእንዲህ ዓይነቱን ኔትወርክ ቅርጽ ከላይ ጠንካራ፣ ከውስጥ ለስላሳ ከሆነ ከረሜላ ጋር ያነጻጽረዋል። ልብ በሉ፣ ሙገሳ ብቻ አልነበረም፤ ቅርፊቱ ከተሰበረ ውስጡ ምንም መከላከያ የለውም ማለቱም ነው። በ1994 ከስቲቨን ቤሎቪን ጋር ስለ ፋየርዎል የጻፉት መጽሐፍ የሙያው መማሪያ ሆነ።

ፋየርዎል የሚለው ስም የመጣው ከግንባታ ነው፤ በአንድ ቤት የተነሳ እሳት ወደ ጎረቤት እንዳይዛመት የሚሠራ ግንብ። አሠራሩን ለመረዳት «ፖርት» የሚባለውን ነገር ማወቅ ይበቃል። አንድ ኮምፒውተር አንድ አድራሻ ቢኖረውም ከ65 ሺህ በላይ ቁጥር የተሰጣቸው በሮች አሉት። ድረ ገጽ በር 80 ላይ ይስተናገዳል፣ ኢሜይል በር 25 ላይ። ፋየርዎል ማለት እንግዲህ የትኛው በር ለማን እንደሚከፈት ዝርዝር የያዘ ዘበኛ ነው። የጥሩ ዘበኛ ዝርዝር ደግሞ አጭር ነው፦ «ከእነዚህ በቀር ሁሉም ዝግ።»

ሁለቱ ሲገናኙ

በ1990ዎቹ አጋማሽ ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው በኮምፒውተር መገበያየት ፈለጉ። ሻጩ ድርጅት የራሱ ዳታቤዝ አለው፣ መጋዘኑን የያዘው ሌላ ድርጅት የራሱ። አንድ ደንበኛ የመጨረሻዎቹን 40 ማቀዝቀዣዎች ሲገዛ ገንዘቡ እዚህ እንዲመዘገብ፣ ዕቃው ከዚያ እንዲቀነስ፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ። የግሬይ ዘዴ በትክክል ለዚህ የተሠራ ይመስላል፣ አይደል? ማይክሮሶፍትም በ1996 ከዳታቤዙ ጋር «ዲቲሲ» የሚባል አስተባባሪ ፕሮግራም አወጣ። ሽማግሌው በየሰርቨሩ ተቀመጠ ማለት ነው።

ከዚያ ፋየርዎል ጋር ደረሰ።

የመጀመሪያው ችግር በሮቹ ናቸው። ዲቲሲ የሚነጋገርበት ዘዴ ቋሚ በር የለውም። ጠሪው መጀመሪያ በር 135ን ያንኳኳል፤ እዚያ የተቀመጠው እንደ እንግዳ ተቀባይ ነው። «ዲቲሲን ፈልጌ ነበር» ሲባል «ዛሬ ቁጥር እንዲህ ላይ ነው ያለው» ብሎ ከ1024 በላይ ካሉት በሮች አንዱን ይጠቁማል። ነገ ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ዘበኛው ግን ዝርዝሩን የጻፈው በቁጥር ነው! ስለዚህ የዲቲሲ ሰው ወደ ዘበኛው ሄዶ «በሺዎች የሚቆጠሩ በሮች ክፈትልኝ» ማለት አለበት። ዘበኛው ምን እንደሚመልስ መገመት አያቅትም።

ሁለተኛው፣ ንግግሩ በሁለቱም አቅጣጫ ነው። ዛሬም ቢሆን አብዛኛው ፋየርዎል ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣን ጥሪ በቀላሉ ያሳልፋል፤ ከውጭ የሚመጣን ግን ይጠረጥራል። ሽማግሌ ደግሞ ሁለቱንም ወገን በየቤታቸው መጥራት አለበት። በዚያ ላይ ኩባንያዎች የውስጥ አድራሻቸውን ደብቀው ሁሉንም በአንድ የውጭ አድራሻ ማውጣት ጀምረው ነበር። ያኛው ወገን መልሶ ሊደውል ሲል የተደወለለት ቁጥር የማዞሪያው እንጂ የሰውየው አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል፤ ምክንያቱም አይታይም። ዘመናዊ ፋየርዎል ያሳለፋቸውን ንግግሮች በትውስታ ይይዛል። ለተወሰነ ጊዜ ዝም ካሉ «አልቀዋል» ብሎ ይረሳቸዋል። ማንንም አያስታውቅም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቃል ዝም ብሎ ይጥለዋል። አሁን ወደ ሽማግሌያችን ተመለሱ፦ ሁለቱም «እሺ» ብለዋል፣ በመሃል አንዱ ዳታቤዝ ስለዘገየ ዝምታ ሆነ፣ ዘበኛው ረሳቸው፣ «ጸድቋል» የሚለው ቃል ግድግዳው ላይ ቀረ።

40ዎቹ ማቀዝቀዣዎች ተቆልፈዋል። መጋዘኑ ለሌላ ደንበኛ ሊሸጣቸው አይችልም። ሻጩ ገንዘቡን አገኘሁ ሊል አይችልም። ልዩነቱ ግን አሁን ሁለቱ ባለሙያዎች አለቃቸው አንድ አለመሆኑ ነው። በሌላ ከተማ ያለ፣ የማያውቀው ኩባንያ ኮምፒውተር «እሺ» ብሎ ስለጠፋ ብቻ የእኔ መጋዘን ይቆለፍ? ክፉ የሚያስብ ሰው ከሆነስ? መቶ ጊዜ «ልግዛ» ብሎ መቶ ጊዜ ቢጠፋብኝስ? እንደ እኔ አስተያየት የታሪኩ እምብርት እዚህ ነው። የግሬይ ዘዴ የተሠራው ለሚተማመኑ ሰዎች ነው፤ ፋየርዎል የተሠራው ለማይተማመኑ።

ይህን ለማስታረቅ የተሞከረ አንድ ጨዋ ሙከራ ነበር። በ1998 የማይክሮሶፍትና የታንደም ባለሙያዎች «የኢንተርኔት የትራንዛክሽን ፕሮቶኮል» የሚል ሰነድ አወጡ። በሺዎች ፋንታ አንድ ቋሚ በር ብቻ፣ ቁጥር 3372። ንግግሩን በምስጢር ኮድ መሸፈንና ማንነትን ማረጋገጥም ታስቦበታል። ደግሞ ሐቀኛ ሰነድ ነው፤ ስለ ደኅንነት በሚያወራው ክፍል ክፉ ሰው ሥርዓቱን እንዴት ሊያጨናንቅና ትራንዛክሽን ሊያበላሽ እንደሚችል ራሱ ይዘረዝራል። የበሩን ችግር ፈታ፤ የመቆለፉን ግን ሊፈታ አይችልም ነበር።

በር 80ን ማን ይዘጋል?

ሌሎቹ ደግሞ አቋራጭ አገኙ። ሁሉም ፋየርዎል የሚከፍተው አንድ በር አለ፤ የድረ ገጹ በር 80። ታዲያ ለምን ሁሉንም ነገር ድረ ገጽ አስመስለን አንልክም? በ2000 ግንቦት ለዓለም አቀፉ የዌብ ተቋም የቀረበው «ሶፕ» የተባለው ፕሮቶኮል በመሠረቱ ይህን የሚያስችል ነበር። የአንዱ ፕሮግራም ትእዛዝ በጽሑፍ ተጠቅልሎ በድረ ገጽ መንገድ ወደ ሌላው ይሄዳል። ዘበኛው ተራ ድረ ገጽ መስሎት ያሳልፈዋል።

ለፕሮግራመሮች ሠርግና ምላሽ ሆነ። የደኅንነት ባለሙያዎች ግን ተናደዱ። ብሩስ ሽናየር በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ፋየርዎልን እንዲያልፍ ተብሎ የተሠራ ነገር የፋየርዎልን ትርጉም ያጠፋል ብሎ ተቃወመ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ 1 ቀን (የፈረንጆች የቀልድ ቀን ነው) ሁለት ባለሙያዎች «ፋየርዎልን የሚያሻሽል ፕሮቶኮል» የሚል ሰነድ አወጡ፤ የኢንተርኔት ይፋ ሰነዶች በሚወጡበት ቦታ፣ ቁጥር 3093 ሆኖ። «ማሻሻያው» ማንኛውንም መልእክት በድረ ገጽ መንገድ ጠቅልሎ ማሳለፍ ነው! ቀልድ ነው፤ ግን ብዙ ኩባንያዎች በቁም ነገር እያደረጉት ነበር።

በሮችን በሰፊው የከፈቱትስ? ነሐሴ 2003 «ብላስተር» የተባለው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ዓለምን አዳረሰ። የገባው በየት መሰላችሁ? በበር 135፤ ያ እንግዳ ተቀባይ በተቀመጠበት። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍን ማስተካከያ ከወር ገደማ በፊት አውጥቶ ነበር፤ ያልጫኑት ግን ብዙ ናቸው። በ2005 ጥቅምት ደግሞ በራሱ በዲቲሲ ውስጥ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ፤ በታኅሣሥም እሱን የሚጠቀም ተባዥ ፕሮግራም ታየ። ሽማግሌው ራሱ የሌባ መግቢያ ሆነ ማለት ነው። ከ2003 ጀምሮ በወጡት የማይክሮሶፍት ሰርቨሮች ዲቲሲ በኔትወርክ እንዳይነጋገር ሆኖ ነው የሚመጣው፤ የፈለገ ራሱ ይከፍተዋል።

ከእምነቱ የወጣው

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ። በ1987 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሄክተር ጋርሲያ ሞሊናና ኬነት ሳሌም «ሳጋ» የሚል ስም የሰጡት ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ለፋየርዎል የታሰበ አልነበረም፤ ለብዙ ሰዓት የሚቆዩ ሥራዎች ዳታቤዙን ቆልፈው እንዳይዙት ነው። ረጅሙን ሥራ ወደ ትንንሽ ትራንዛክሽኖች ቁረጡት፤ እያንዳንዱ በራሱ ይጽደቅ፣ ይለቀቅ። መሃል ላይ ነገር ከተበላሸ ደግሞ ለእያንዳንዱ እርምጃ ማካካሻ ይኑረው። 40 ማቀዝቀዣ ቀንሰህ ከነበረ 40 ትመልሳለህ። ገንዘብ ተቀብለህ ከነበረ ትመልሳለህ።

ልዩነቱን አስተውሉ። መሰረዝ ማለት እንዳልነበረ ማድረግ ነው። ማካካስ ግን የሆነውን አምኖ ማስተካከል ነው፤ በመሃል ሰው ያየዋል። ደንበኛው ገንዘቡ ተቆርጦ ያየዋል። ያላችሁበት «ትንሽ ይጠብቁ፣ ይመለሳል» ይህ ነው።

ለሃያ ዓመት ያህል ብዙዎች ይህን እንደ ሁለተኛ ደረጃ መፍትሔ ነው የቆጠሩት። በ2007 ጥር ግን ፓት ሄላንድ አንድ ወረቀት አቀረበ። ሄላንድ በ1980ዎቹ ከጂም ግሬይ ጋር በታንደም የሠራ፣ ኋላም በማይክሮሶፍት ከዲቲሲ ዋና ነዳፊዎች አንዱ የነበረ ሰው ነው። ወረቀቱ ከብዙ ኮምፒውተሮች ትራንዛክሽን ባሻገር ስላለው ሕይወት የሚያወራ ሲሆን በርዕሱ ላይ ራሱን «ከእምነቱ የወጣ» ብሎ ይጠራል። ያኔ አማዞን ይሠራ ነበር። የሚለው በአጭሩ፦ በጣም ትልቅ ሥርዓት የሚሠሩ ሰዎች የሁለት ዙር ማጽደቅን በተግባር ትተውታል፤ ስለዚህ ያለ እሱ እንዴት እንደሚኖር በግልጽ እናውራ። ሦስት ሳምንት ገደማ አልፎ፣ ጥር 28 ቀን፣ ግሬይ የእናቱን አጽም አመድ ባሕር ላይ ለመበተን ከሳን ፍራንሲስኮ በጀልባው ብቻውን ወጣ፤ አልተመለሰም። ጓደኞቹና ብዙ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ፎቶ እየተከፋፈሉ ፈለጉት። እሱም ጀልባውም አልተገኙም።

ዛሬ ሁለት ድርጅቶች በፋየርዎል በኩል ሲነጋገሩ ሥራው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ሻጩ በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ፣ በአንድ ተራ ትራንዛክሽን፣ ሁለት ነገር ይጽፋል፦ ሽያጩንና «ለመጋዘኑ የሚላክ» የሚል መልእክት። አንዱ ያለ ሌላው አይጻፍም። ከዚያ አንድ ላኪ ፕሮግራም መልእክቱን አንስቶ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በአንድ በር ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ በምስጢር በተሸፈነው በር 443 ይልካል። ሁለቱ ወገኖች ማንነታቸውን በዲጂታል ሰርተፍኬት ይተያያሉ። መልስ ካልመጣ? ደግሞ ይልካል። ደግሞ። ጄኔራሎቹ እንዳስተማሩን፣ መልእክቱ ሳይደርስ ይቅር ወይ መልሱ ይጥፋ ላኪው አያውቅም። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ መልእክት የራሱ ልዩ ቁጥር አለው፤ መጋዘኑ አንድ ቁጥር ሁለቴ ካየ «ይህን ሠርቼዋለሁ» ብሎ ያንኑ መልስ ይመልሳል እንጂ ሁለቴ አይቀንስም። ማንም የማንንም ዕቃ አልቆለፈም። ሽማግሌ የለም።

ግሬይ የጻፈው ዘዴ ግን አልሞተም። በአንድ ድርጅት ግቢ ውስጥ፣ በሚተዋወቁ ሰርቨሮች መካከል፣ አሁንም በየቀኑ ይሠራል። ዲቲሲም ከዊንዶውስ ሰርቨር ጋር እስከ ዛሬ ይመጣል። ሁለት ሰርቨሮቹን ፋየርዎል የለያቸው ባለሙያም መጀመሪያ የሚያየው በር 135 መከፈት አለመከፈቱን ነው።